አስቸኳይ፦ ሎምቦክ የባህር ዳር መሬት፣ ቀብዱ ነገ ጠዋት ነው

ናቲ_ዲሲ፦
ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ኢንዶኔዥያ፣ ሎምቦክ ደሴት ነው፣ ከኩታ በስተምሥራቅ ያለችው ገሩፑክ የምትባል የአሳ አጥማጆች መንደር። 12 አሬ (1,200 ካሬ ሜትር) መሬት አግኝቻለሁ፣ ፊት ለፊቱ ባህር። ደላላው ነገ ጠዋት 50 ሚሊዮን ሩፒያ ቀብድ ካልሰጠሁት ለሌላ ሰው አሳልፈዋለሁ ብሎኛል። አሁን ማታ የይዞታ ካርታውን ቁጥር "ሰንቱህ ታናህኩ" በሚባለው የመንግሥት አፕሊኬሽን ሳስገባው ግን ምንም አይወጣም! "የቆየ ካርታ ስለሆነ ነው፣ አታስብ" ይለኛል። የካርታው ስም ወደ ደላላው አማች ይዞርና ለእኔ የማይሻር ውክልና ይሰጠኛል ተባብለናል። ልክፈል ወይስ ልተወው? የምታውቁ ፍጠኑልኝ።

የሸዋ_ልጅ፦
አትክፈል። "ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል" የሚለው የደላላ ቃል እዚያም አዲስ አበባ አያት ሰፈርም አንድ ነው።

ሰላም_ጃካርታ፦
ናቲ፣ አፕሊኬሽኑ ላይ አለመታየቱ ብቻውን ሐሰተኛ ነው አያሰኝም። የድሮ ካርታዎች ብዙዎቹ በዲጂታሉ ካርታ ላይ ገና አልሰፈሩም። ውስጡን ገልጠህ የመሬቱ ሥዕል ያለበትን ገጽ እይ፦ ርዕሱ "ሱራት ኡኩር" ሳይሆን "ጋምባር ሲቱዋሲ" ካለ እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ የምዝገባ ደንብ በፊት የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ የደላላው ምክንያት ያስኬዳል። ግን ያስኬዳል ማለት ተጣርቷል ማለት አይደለም።

የሚጣራው እንዲህ ነው። ፔፔአቴ የሚባል የመሬት ውል አዋዋይ አለ። በመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቁጥሩን ያስፈትሽልሃል፤ የባንክ ዕዳ ወይም እግድ ካለበት ይታያል። ጎን ለጎን ባለቤቱ ራሱ ዋናውን ካርታ ይዞ ፕራያ ወዳለው የማዕከላዊ ሎምቦክ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቦታው ዲጂታሉ ካርታ ላይ እንዲሰፍር ያመለክታል። ከጎረቤት ይዞታ ጋር ተደራርቦ ከሆነ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ባለቤቱ "ፕራያ አልሄድም" ካለ መልስህን አግኝተሃል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ደላላው "የማውቀው አዋዋይ ባሊ ውስጥ አለ" ቢልህ አትቀበል። የፔፔአቴ ሥልጣን ከክፍለ ሀገሩ አያልፍም፣ ሎምቦክ ደግሞ ምዕራብ ኑሳ ተንጋራ ነው።

ጋሽ_መኮንን፦
ልጄ፣ ስለ ካርታው ትጨነቃለህ፣ የባሰው ግን አማችዬው ነው። የኢንዶኔዥያ የመሬት መሠረታዊ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1960ው ቁጥር 5፣ "ሃክ ሚሊክ" የሚባለውን ሙሉ ባለቤትነት ለዜጋ ነው የሰጠው። አንቀጽ 26 ደግሞ በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ ለማስተላለፍ የተደረገ ውል ፈራሽ ነው፣ መሬቱም ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም አይመለስም ይላል። በሰው ስም መግዛት ማለት ይኸው ነው። የማይሻር ውክልናውም ቢሆን ለመሬት ማስተላለፊያ እንዳይውል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በአገር ውስጥ ሚኒስቴር መመሪያ ተከልክሏል። አማችዬው ነገ ቢሞት ካርታው ለልጆቹ ይተላለፋል፣ አንተ ፍርድ ቤት ቀርበህ "ገንዘቡ የእኔ ነው" ስትል ሕግ መጣስህን በራስህ አፍ መናገርህ ነው።

እኛ አገርም መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ይኼ እንግዳ ሊሆንብህ አይገባም ነበር።

የሸዋ_ልጅ፦
እንዳልኩት፣ አትክፈል።

ቤቲ_ኤም፦
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ናቲ፣ መግዛት ለምን አስፈለገህ? ለውጭ ሰው ቀላሉ መንገድ የረጅም ጊዜ ኪራይ ነው፣ 25 ወይም 30 ዓመት፣ በኖተሪ (ውል አረጋጋጭ) ፊት። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 1576 ባለቤቱ መሬቱን ቢሸጠው እንኳ ኪራይህ አይፈርስም ይላል። ሃክ ፓካይ የሚባል የመጠቀም መብትም አለ፣ 30 ዓመት ሆኖ በ20 ከዚያም በ30 የሚራዘም፣ ግን ለመኖሪያ ቤት ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ከሆነ የውጭ ባለሀብት ኩባንያ ትከፍታለህ፤ የኢንቨስትመንቱ ወለል ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ ስለሆነ ለሁለት ጎጆ አያዋጣም።

በኪራይ ውሉ ላይ ሦስት ነገር አትርሳ። "ማራዘሚያው በዚያን ጊዜው የገበያ ዋጋ" ካለ ማራዘሚያ የለህም፤ ዋጋው ወይም ስሌቱ ዛሬ ይጻፍ። 10 በመቶው የኪራይ ግብር የአከራዩ ነው፣ ግን "የተጣራ ዋጋ" ብለው ወደ ተከራይ ያዞሩታል። መሬቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ሁሉ፣ እህቶችም ጭምር፣ የባለቤቱም ሚስት ይፈርሙ። እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ጠብ የሚነሳው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው፣ ያልፈረመችው እህት ስትመጣ።

ናቲ_ዲሲ፦
ቤቲ እህቴ፣ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን የጠየቅኩት ካርታውን ነበር 😅 ሥዕሉ ላይ ጋምባር ሲቱዋሲ ነው የሚለው። ቦታው 24 በ50 ነው፣ ጠባቡ ጎን ወደ ባህር። ከውሃው ጫፍ 30 ሜትር ቢሆን ነው፣ እይታው ልዩ ነው! መግቢያው በጎረቤት የኮኮናት ማሳ በኩል ነው።

መሐንዲስ_ዘሪሁን፦
ወንድሜ፣ ይህን ነገር መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ! እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለው የፕሬዚዳንቱ ደንብ የባህር ዳርቻ ክልል ብሎ የሚያስቀምጠው ከከፍተኛው የማዕበል መስመር ቢያንስ 100 ሜትር ወደ ውስጥ ነው። ያንተ ቦታ ከ30 ሜትር ተነስቶ 80 ላይ ያልቃል። አንዲት ክፍል የምታቆምበት ሜትር የለህም። ደግሞ የለካኸው ዛሬ ማታ ውሃው ካለበት ከሆነ ርቀቱ ከዚያም ያንሳል፤ ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ውሃው ያመጣው የባህር ሣር ተሰልፎ የሚቀርበትን መስመር ፈልግና ከዚያ ለካ። በዙሪያው ቤት አለ ብለህ አትከተል፣ የመንደሩ ሰው የድሮ ቤትና የአንተ አዲስ የግንባታ ፈቃድ አንድ አይደሉም። ቀብድ ከማሰብህ በፊት አዋዋዩ የቦታ አጠቃቀም ማረጋገጫ፣ "ካካፔኤር" የሚሉትን፣ ይጠይቅልህ። የአካባቢው ዝርዝር ፕላን የተለየ ርቀት ካስቀመጠም እዚያ ላይ ይወጣል።

የኮኮናት ማሳውም የዋዛ አይደለም። የመተላለፊያ መብቱ በጎረቤትየው ፊርማ በኖተሪ ካልተጻፈ፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሞ ሲቀር ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው።

ውሃውንም ቅመስ። አሸዋማ ዳርቻ ላይ ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው በላይ የተንሳፈፈ ስስ ሽፋን ነው፤ በጥልቀት በቆፈርክና በኃይለኛ ፓምፕ በሳብክ ቁጥር ጨውን ወደ ላይ ትጠራዋለህ። የጎረቤት ጉድጓድ በጥቅምት፣ ደረቁ ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ ምን እንደሚመስል የመንደሩን ሴቶች ጠይቅ።

የሸዋ_ልጅ፦
ናቲ፣ ዓሣህን ጠብሰህ ብላ፣ ገንዘብህን ኪስህ አድርገህ ተኛ።

ሰላም_ጃካርታ፦
ናቲ፣ ቦታ ቀይረህም ይሁን በኪራይ፣ የግድ ቀብድ የምትሰጥ ከሆነ ለደላላው በእጁ አትስጥ። ገንዘቡ ኖተሪው ዘንድ ይቀመጥ፣ ወረቀቱ ላይ የ10,000 ሩፒያ ቴምብር ይለጠፍበት፣ የሚፈርመውም ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ይሁን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግባበት፦ የመዝገብ ፍተሻው ካልጠራ ወይም ቦታው ግንባታ የሚፈቀድበት ካልሆነ ቀብዱ በ7 ቀን ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ጠዋት ይህንኑ ለደላላው ንገረው። "በኖተሪ በኩል" ስትለው ምን እንደሚመልስልህ እዚህ ጻፍልን፣ ቀጣዩን እንነግርሃለን።

ሚሚ_ሪያድ፦
ይቅርታ፣ ርዕሱን ለመቀየር አይደለም፣ የድሮ ካርታ ዲጂታሉ ላይ አለመስፈሩ ለሱምባ ደሴትም ይሠራል ወይ? ወንድሜ እዚያ ሊከፍል ነው።