«እሺ» ብዬ የምረሳው ሥራ

ጠያቂ (ከእንግሊዝ)፦
ሰላም ወገኖች። የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ባለፈው ወር ሐኪም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር) አለብሽ አለኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። ሥራ ቦታ አሳሬን እያየሁ ነው። አለቃዬ የነገረኝን ሁሉ «እሺ» እላለሁ፤ ዞር ስል ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ጠቅልዬ ሐዋሳ ልግባ እያልኩ ነው። እዚያ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ (ከሐዋሳ)፦
እህቴ፣ ለንደን 9 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። እኔም እንዳንቺው ነኝ። ልጅ ሳለሁ የዚህ ነገር ስም «ቀልበ ቢስ» ነበር። እማዬ ስኳር ግዛ ብላ ትልከኛለች። እኔ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ቆሜ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ሳይ እገኛለሁ። ለንደን ሲመረምሩኝ ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የነበረ መሆን አለበት አሉኝ። ለእማዬ ደወልኩ። የስኳሩን ታሪክ ዘረገፈችው።

ሐዋሳ መምጣቱ ብቻውን አያድንሽም። እዚህ ትእዛዝ ሁሉ በአፍ ነው፤ ኮሪደር ላይ፣ ሻይ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር። አንድ ቀን ኃላፊያችን ደረጃ እየወረዱ ሦስት ነገር አዘዙኝ። ሁለቱን ሠራሁ። ሦስተኛው ለሂሳብ ክፍል የሚገባ ደብዳቤ ነበር። በእኔ ምክንያት የሰው ሁሉ ውሎ አበል ሳምንት ዘገየ። ያን ሳምንት ሻይ የጋበዘኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ ያዘዙኝን እዚያው ቆሜ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ደብዳቤው ሐሙስ 9 ሰዓት ይድረስ ብለዋል። ልክ ነኝ?» መጀመሪያ «ምነው፣ አታምነኝም?» ብለው ተቆጡ። አሁን ራሳቸው «ላክልኝ» ይላሉ። ለካ እሳቸውም ይረሳሉ! ሰዓት ካነሳን፣ እዚህ «ስምንት ሰዓት» ሲሉሽ የፈረንጁ 2 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። እኔ አንዴ ጠዋት ሄጄ ከዘበኛው ጋር ስንጫወት ዋልን።

እዚያ እያለሽ ግን መብትሽን ተጠቀሚ። የእንግሊዝ የእኩልነት ሕግ (በፈረንጆቹ 2010 የወጣው)፣ ችግሩ ኑሮሽን በእጅጉና ለረጅም ጊዜ የሚጫን ከሆነ፣ አሠሪው ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። «ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለት ይቻላል። አክሰስ ቱ ወርክ የሚባለውን የመንግሥት ድጋፍም ጠይቂ። እኛም ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ 568/2000 አለን፤ የአካል ጉዳተኛ ሠራተኛን መብት የሚጠብቅ ነው። ግን በእግሩ ቆሞ የሚሄድ ሰው «አካል ጉዳተኛ ነኝ» ብሎ ማስረዳቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። እኔ ቴሌግራሙን መረጥኩ።

መድኃኒት ከጀመርሽ፣ ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ያለ ማዘዣና ያለ ሐኪም ደብዳቤ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳትከቺው፤ ከመነሳትሽ በፊትም እዚህ ያለውን ደንብ አጣሪ። እዚህ ደግሞ «ጫት ቃሚ፣ ቀልብሽን ይሰበስብልሻል» የሚልሽ አይጠፋም። ጫቱም መድኃኒቱም የልብ ምት ያፈጥናሉ። አንድ ላይ አትሞክሪው።

ጠያቂ፦
ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለአለቃዬ የመጀመሪያውን መልእክት ላክሁ፤ ከሰባት ደቂቃ በኋላ «ልክ ነሽ» ብሎ መለሰ። ስኳሩስ በመጨረሻ ተገዛ?

መልስ፦
የት ተገዝቶ! ብሩም ጠፋ።