የዊልሰን በሽታ (መዳብ በጉበትና በአንጎል የሚጠራቀምበት በዘር የሚተላለፍ ሕመም) ቤተሰቦች፦ የዚንክ የጋራ ግዢ ዕቅድ፣ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። ለ6 ወር የሚበቃ ዚንክ አብረን እንግዛ፣ የታማሚ ወንድምና እህት ይመርመር፣ የ24 ሰዓት ሽንት የመዳብ ምርመራ ወጪን እንጋራ ይላል። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ።

የናሆም እናት፦ ገጽ 2 ላይ «ዱለት ፈጽሞ ክልክል» የሚለውን ማን ጨመረው? በስብሰባው አልተባለም።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ ነኝ። ዱለት ውስጥ ጉበት አለ፣ ጉበት ደግሞ መዳብ የበዛበት ነው። ምኑ ያከራክራል?

የናሆም እናት፦ ልጄ በፋሲካ ከማዕዱ ተነጥሎ ሊቀመጥ ነው፣ ይሄ ነው የሚያከራክረው። ሐኪማችን ጉበት፣ ለውዝ፣ ቸኮሌትና እንጉዳይ በተለይ የመጀመሪያውን ዓመት ተዉ አለን። «ፈጽሞ» አላለም።

ሰላም፣ ገንዘብ ያዥ፦ ዱለቱን ተዉትና መዋጮውን ክፈሉ። ግማሹ ሰው አልከፈለም። አቤል፣ ፕሮፎርማው የት ደረሰ?

ጋሽ ታደሰ፦ አልተወውም! ወንድሜን የቀበርኩ ሰው ነኝ። «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን አቆመ፣ ጉበቱ ብዙም ሳይቆይ ከዳው። ልል ሕግ ሰው ይገድላል።

የናሆም እናት፦ ነፍሱን ይማር፣ ጋሼ። ግን እሱን የጎዳው መድኃኒት ማቋረጡ ነው። ስለ ማቋረጥ ረቂቁ ውስጥ አንድ ቃል አለ?

ዮናስ፣ ፋርማሲስት፦ የለም። ስለ ሰዓትም የለም። ዚንክ የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን እንዲያበዙ ያደርጋል። ፕሮቲኑ ከምግብ የመጣውን መዳብ እዚያው ይይዘዋል፣ ሴሉ ሲረግፍ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከምግብ ጋር ከተወሰደ ሥራው ይቀንሳል። ለአዋቂ የተለመደው 50 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ነው፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ።

ብሩክ፦ ታዲያ ለልጆች ተቅማጥ የሚሰጠውን ባለ 20ውን ለምን አንገዛም? ርካሽ ነው።

ዮናስ፦ መጠኑን ሐኪም ሳያሰላ አይሆንም። ደግሞ ዚንክ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ጉበቱ ወይም አንጎሉ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ እንደ ፔኒሲላሚን ያለ መዳብ የሚያስወጣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዚንክ በተለይ ከዚያ በኋላ መዳቡ ተመልሶ እንዳይጠራቀም ለመጠበቅና ምልክት ላልታየባቸው ነው።

ትዕግስት፣ ሜሪላንድ፦ እዚህ ዚንክ አሲቴት እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈቅዷል። ግን በሐኪም ትዕዛዝ ነው፣ በሻንጣ ለሁሉም መላክ አልችልም። ተስፋ አታድርጉብኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ፣ «ፈጽሞ» ይውጣ። «ሐኪም እስኪፈቅድ» ይባል። የናሆም እናት፣ ተቆጥቼ ነው፣ አትቀየሚኝ።

የናሆም እናት፦ አልቀየምም፣ ጋሼ።

ብሩክ፦ ጾም ላይስ? ምስር፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ ይገባሉ?

ሰላም፦ ኧረ ጀመራችሁ ደግሞ! አቤል? ስልኩም አይነሳም።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4 ተለጥፏል። በጥያቄው ብዛት ገጽ 1 የጾምና የፍስክ ምግብ መመሪያ ሆኗል። ግዢው ፕሮፎርማ እስኪመጣ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል።

ዮናስ፦ የወንድምና እህት ምርመራስ የት ሄደ? ከአንድ አባትና እናት የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ ከ4 አንድ የመያዝ ዕድል አለው። ሳይታመሙ ከተገኙ በዚንክ ብቻ ጤነኛ ሆነው መኖር ይችላሉ።

ጸሐፊ፦ በአባሪ ገብቷል።

የናሆም እናት፦ የናሆም ዚንክ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚበቃው። ግዢው ወደ ገጽ 1 ይመለስ። ፕሮፎርማውን ነገ ራሴ እሄድበታለሁ።

ሰላም፦ ሂጂ። መዋጮ ያልከፈላችሁ ግን ዛሬ ክፈሉ።