«ጠባቂ» ማን ነው? (የሴፍቲኔት ክርክር፦ ምግብ ለሚያጥረው ገበሬ በስራ ልዋጭ ብር ወይ እህል የሚሰጠው ፕሮግራም)

የላስታው፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «ሴፍቲኔት ገበሬውን ጠባቂ አደረገው» ብሎ ጽፎ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። እናቴ ከ1997 ጀምራ እርከን ሰርታበታለች፣ ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማ። ጠባቂ ማለት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው እኮ

አዲሱ ገበያ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልመልሰውም። መስራታቸውን ማን ካደ? ግን ሐሳቡ ሰው በጥቂት ዓመት ጥሪት ይዞ እንዲመረቅ፣ ማለት ራሱን ችሎ ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ነበር። የኔ ዘመዶች ጋ ሰው በሬ ለመጨመር ይፈራል፣ ኮሚቴው አይቶ ከዝርዝሩ ያወጣኛል ብሎ። ይሄ ጠባቂነት ካልሆነ ምንድነው?

የላስታው፦ ሒሳቡን ስራው እስኪ። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ስራ፣ ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይ 3 ኪሎ እህል ነበር። በወር 15 ኪሎ፣ እሱም ለ6 ወር ብቻ። በ15 ኪሎ ስንዴ ነው ሰው የሚሰንፈው?

መምህርት ነኝ፦ ሁለታችሁም ልጆቹን ረሳችኋቸው። ሜክሲኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ፕሮግሬሳ የሚባለውን የድሃ ቤተሰብ ድጎማ ስትጀምር ብሩን ለእናት ትሰጥ ነበር፣ ልጁ ግን 85 ከመቶ ትምህርት ቤት መገኘት አለበት፣ ለሴቶቹ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከወንዶቹ ይበልጥ ይከፈላል። ያኔ ልጅ የነበሩት ሴቶች ሲያድጉ ብዙ ክፍል ተምረው፣ ስራ ይዘው ተገኙ። የኛ ቅድመ ሁኔታ አካፋ ነው። እናት እርከን ስትወጣ ታናሹን የሚይዘው ማነው? ክፍሌ ውስጥ ባዶ የሚሆነውን ወንበር እኔ ነኝ የማየው

ሸገር ልጅ፦ ሜክሲኮም እኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ዘጋችው

መምህርት ነኝ፦ ብትዘጋውስ፣ የተማረችው ልጅ ትምህርቷን መልሺ ተባለች?

ከዲሲ፦ ወሬ ከምናበዛ ጥናት እንይ። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም (ኢፍፕሪ) የኛን ሴፍቲኔት ሲያጠናው 5 ዓመት የቆየ ቤተሰብ አንድ ዓመት ብቻ ካገኘው ይልቅ የሚራብበት ጊዜ በአንድ ወር ከምናምን አጥሯል። ከብትም ትንሽ ጨምሯል

አዲሱ ገበያ፦ አምስት ዓመት ለፍቶ አንድ ወር?! አንተ ደግሞ ዲሲ ቁጭ ብለህ ይበቃቸዋል ልትለን ነው

ከዲሲ፦ ያለሁበትን ተወውና የጻፍኩትን መልስ። እኔ የወግ ልጅ ነኝ ወንድሜ፣ ነሐሴን በልቶ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አንተ አትነግረኝም

ሸገር ልጅ፦ ወግ የት ነው ደሞ? ዋግ ለማለት ነው?

ከዲሲ፦ ዋግ! ስልኩ ነው። ፊደል ለቅመህ ከርዕሱ አታውጣን

የላስታው፦ ጠባቂ ካልክ የጠበቀችውን ልንገርህ። የሚያዝያ ክፍያ ሐምሌ ነው የደረሳት፣ እስከዛ ሁለት ፍየሏን ሸጣ አበላችን። ሰርታ ደሞዟን የጠበቀች ሴት ናት፣ ይሄን ስም አትስጣት

አዲሱ ገበያ፦ በእናትህ አልመጣሁም፣ እግዜር ያክብራቸው። ያዘገየባቸውም ይጠየቅ። ግን ጥያቄዬን አልመለስክም፦ ተመረቁ ወይ?

የላስታው፦ በ2004 አስመረቋት። በ2008 ድርቁ ሲመጣ ያሉት በጎች አለቁና ተመልሳ ተመዘገበች

አዲሱ ገበያ፦ እኔስ ምን አልኩ ታዲያ

የላስታው፦ ድርቁን እሷ ናት ያመጣችው?