ካልካታ ዩኒቨርሲቲ፦ ከ1917 በፊት ማንን መምህር ልበል?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሕንዱ ካልካታ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ የመምህራኑ ዝርዝር ላይ ቆሜያለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ዩኒቨርሲቲው በ1857 ሲቋቋም የለንደንን ዩኒቨርሲቲ አሠራር ተከትሎ ስለነበር ሥራው መፈተንና ዲግሪ መስጠት ነበር፤ የሚያስተምሩት ኮሌጆቹ ናቸው። ራሱ እንዲያስተምር የ1904ቱ ሕግ በር ከፈተለት፤ የድኅረ ምረቃው ትምህርት ግን በወጉ የተደራጀው በ1917፣ በቀድሞው የዩኒቨርሲቲው መሪ (ምክትል ቻንስለር) በአሹቶሽ ሙከርጂ ግፊት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጃጋዲሽ ቦስ በ1885 ማስተማር የጀመረው ከኮሌጆቹ አንዱ በሆነው በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሆኖ ሳለ "የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር" እየተባለ ይጻፋል። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ራማን እንኳ ይሁን፤ የ1928ቱን የብርሃን መበተን ግኝት ያገኘው በሌላ ተቋም ቤተ ሙከራ ቢሆንም የዩኒቨርሲቲው የፓሊት ፕሮፌሰር (በለጋሽ ስም የተሰየመ የፕሮፌሰርነት ቦታ) ነበር።

ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ያሳትመው የነበረውን ካላንደር የተባለ ዓመታዊ መጽሐፍ በስካን ቅጂ አገላብጫለሁ። ፈታኞቹ በስም ተዘርዝረዋል፤ ፈታኝ ሁሉ ግን መምህር አይደለም። በኮምፒውተር መፈለጉም አያስተማምንም፤ አንዱ ቤተሰብ እዚህ ሙከርጂ፣ እዚያ ሙኮፓድያይ ተብሎ ይገኛል።

ከ1917 በፊት የነበረን ሰው የዩኒቨርሲቲው መምህር ብሎ ለመጻፍ የትኛው ሰነድ ይበቃል፦ የሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ወይስ የየኮሌጁ የቅጥር መዝገብ?