የጋራ ማመልከቻችን ረቂቅ፦ ከደጅ ስለሚመለሱት ሰዎች

ጸሐፊዋ፣ ከደሴ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ እንደተስማማነው ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ማኅበራት አንድ ጽሑፍ አዘጋጅተን ለሁለቱም ከተማ አስተዳደሮች እናስገባለን። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንድጽፍ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ስጽፍ አሥራ አንድ ጥያቄ ሆነብኝ። ኑሮ ውድነቱ፣ ኪራዩ፣ መድኃኒቱ፣ መንገዱ፣ ሥራው። ሁሉም እውነት ነው። ግን አሥራ አንድ ጥያቄ ለያዘ ማመልከቻ የሚሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። «እናየዋለን» ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንግባ እላለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ጎረቤቴን እማማን ይዤ ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ልናወጣ ሄድን። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የኖሩ ሴት ናቸው። ወረፋ የያዝነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ተራችን ደርሶ ጣታቸውን መሣሪያው ላይ አደረጉ። አልያዘም። የሚመዘግበው ልጅ በሶፍት ጠረገላቸው። አልያዘም። «ጫን ያድርጉት እማማ» አላቸው፣ ጫን አደረጉት፣ ሌላ ጣት ሞከሩ፣ ከዚያ በግራ እጃቸው። እምቢ አለ። እማማ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው እያዩ «ምጣዱ በልቶት ነው ልጄ» አሉ። ልጁ «ሌላ ቀን ይሞክሩ» ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

ልጁን አልጠላሁትም፣ ከኋላችን የቆመው ሰው ብዙ ነበር። ግን ፋይዳ እኮ የጣት አሻራ ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ የዓይን አሻራና የፊት ፎቶም ይወስዳል። ምዝገባውም ነጻ ነው። ጣት እምቢ ሲል ዓይን አለ። ያን ቀን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፣ እኔም ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ጤና መድኑም፣ ለድሃ የተዘጋጀው የሴፍቲኔት ድጋፍም፣ የባንክ ደብተሩም የሚጀምሩት «መታወቂያ አምጣ» ብለው ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ድጋፉ የተዘጋጀው ደግሞ ለእሱ ነበር። የእኔ ሐሳብ ጥያቄያችን እዚህ በር ላይ ይቁም ነው። ረቂቁን በፎቶ ልኬላችኋለሁ፣ አንብቡና በሉ።

መምህሩ፣ ከደሴ (ሰኞ ማታ)

እህቴ፣ ረቂቁን በፎቶ አትላኪው። ስልኬ ጽሑፍ ነው የሚያነብልኝ፣ ፎቶ ሲሆን «ምስል» ብሎኝ ዝም ይላል። እኛ ራሳችን ዓይነ ስውሩን ደጅ አስቀርተን ስለ ደጅ ልንጽፍ አይገባም። ቆጣ ያልኩ እንዳይመስልሽ።

ጸሐፊዋ

ይቅርታ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። አሁኑኑ በጽሑፍ እልካለሁ፣ ሁለተኛ አይደገምም።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ (ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ)

አነበብኩት፣ የእኛም ችግር ይኸው ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ስንት ሴት ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከወረኢሉ መጥታ እዚህ ተከራይታ ትኖራለች። እኛ አምስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነን። መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ስንሄድ ሁለት ነገር እንጠየቃለን። አንዱ ከመጣንበት ቀበሌ መሸኛ፣ ሌላው የአከራይ ደብዳቤ። መሸኛውን ለማምጣት የሁለት ቀን ደመወዝና ትራንስፖርት ይጠፋል፣ እሱ ይሁን። አከራያችን ግን ደብዳቤ አይጽፉልንም። «ስማችሁን የጻፍኩ ቀን የኪራይ ግብር ይመጣብኛል» ይላሉ። ክፉ ሴት አይደሉም ወላሂ፣ ሲያመን ሻይ የሚያፈሉልን እሳቸው ናቸው። የሚፈሩት ግብሩን ነው።

በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚላክበት ዕድል፣ ስታስወጣ ሥራቸውን ያጡ እህቶች ነበሩ። አብራኝ ትኖር የነበረችው አንዷ ሥራ ፈላጊ ብላ ልትመዘገብ ሄዳ የነዋሪነት መታወቂያ ስለሌላት ተመለሰች። አራት ዓመት የኖረችበት ከተማ አያውቃትም። ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች።

አንድ ነገር ጨምሩ። የቤት ኪራዩ አዋጅ 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል። ተግባራዊ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ተከራዩን የሚጠብቅ ሕግ ነው፣ ግን አከራዩ ግብሩን ፈርቶ ተከራዩን ከደበቀው እኛ ጋ አይደርስም። ለመታወቂያ የሚጻፈው ደብዳቤ ከግብሩ ይለይ።

የእድር ጸሐፊው፣ ከደሴ

ልጄ ያለችው ትክክል ነው። እኔ ሃያ ዓመት የእድር መዝገብ ይዣለሁ። የትኛው ግቢ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን ልጅ አረብ አገር እንደሄደች ከእድር በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በአከራይ ደብዳቤ ፋንታ የእድር ምስክርነት ይያዝ ብለን እንጠይቅ። ማህተም አለን፣ ዳኛ አለን፣ ዋሽተን ብንገኝ የምንጠየቅበት ስም አለን።

እናት፣ ተፈናቃይ፣ አሁን ደሴ የምትኖር

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ እድር የለንም። የመግቢያ ክፍያውን ከየት እናምጣ? በ2013 ክረምት ከቆቦ ስንወጣ ደሴ ትምህርት ቤት ውስጥ አረፍን። የደሴ ሰው እንጀራውን በሰፌድ ይዞ ይመጣ ነበር፣ አላህ ይስጠው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ልጅ አዝለን በእግር ሸሸን። ተመልሰን መጣን፣ ጉልበቴን እየሸጥኩ ተከራይቼ እኖራለሁ። ቀበሌ ስሄድ «መሸኛ አምጪ» ይሉኛል። መሸኛውን የሚጽፍልኝ ሰውዬ እኮ ያኔ ከእኔ ጋር ነው የሸሸው። የልደት ካርዱም፣ የጋብቻ ወረቀቱም እዚያው ቀርቷል። እድር ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሌላ በር ነው የምትዘጉብን።

የእድር ጸሐፊው

ልክ ነሽ እህቴ። አላሰብኩትም። እድር፣ ወይም የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ፣ ወይም መታወቂያ ያላቸው ሦስት ጎረቤቶች ይሁን። አብሽሪ፣ አንቺን የሚያስቀር ወረቀት ላይ አልፈርምም። የመግቢያውንም ነገር እሁድ እድራችን ላይ አነሳዋለሁ፣ ያ የኛ የቤት ሥራ ነው።

ወጣት፣ ከኮምቦልቻ

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ዋናውን ረሳችሁት እኮ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአባቴን የስኳር መድኃኒት መግዛት አቅቶናል። ድሃውን የሚጎዳው ፖሊሲ እሱ ነው። እሱን ትተን ስለ መታወቂያ እናውራ?

ጸሐፊዋ

ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር ከልቤ ገብቷል። ያልከውም እውነት ነው። ግን የምንዛሪ ነገር የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። ከንቲባ ቢሮ ስለ ዶላር ብንጽፍ «ከአቅማችን በላይ ነው» ይሉናል፣ እውነታቸውንም ነው። ያን ጊዜ በአቅማቸው ያለውንም አብረው ውድቅ ያደርጉብናል። አባትህ ጤና መድን ውስጥ አሉ? ከሌሉ ለምን እንደሌሉ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ምናልባት ለዚሁ ማመልከቻ ምሳሌ ይሆናል።

ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከደሴ

ጤና መድን ስላነሳችሁ ልግባ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ አጠገባችን ያለችው ተሁለደሬ ናት። ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ወሎ ነገሩን ከሥሩ ያውቀዋል። መክፈል የማይችለውን ሰው፣ «የድሃ ድሃ» የሚባለውን፣ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። በዚህ ስንት ሰው እንደተረፈ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ማንም ሲነቅፈው ደስ አይለኝም።

ችግሩ ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ አንዴ ከተዘጋ የሚቀጥለው ዓመት ድረስ ያው ነው። ባሏ በጥር የሞተባት ሴት በኅዳር ድሃ አልነበረችም። በጥር ግን ድሃ ናት። ካርድ የላትም፣ ልጇ ሲታመም እቃ ሸጣ ነው የምታሳክመው። በዓመቱ መሀል ሁለተኛ ዝርዝር ይከፈት ብላችሁ ጻፉ። ትንሽ ቦታ ይተውለት፣ በጀቱ ሁሉ በአንድ ቀን አይሙላ።

ጸሐፊዋ

ይህ ገብቷል። እኔ ረቂቁ ላይ የድጋፍ ተጠቃሚዎች ዝርዝር በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ ብዬም ነበር፣ ዘመድ ለዘመድ እንዳይጻጻፍ። በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?

ጉልት ነጋዴ፣ ከደሴ

እኔ ይህን አልቀበልም። ደሴ በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፣ እኔም ያኔ ከገቡት ነኝ። ጎዳና ጠረግኩ፣ ቦይ ጠረግኩ። ከሚከፈለኝ ላይ 20 በመቶው በስሜ ይቆጠብ ነበር። ያን ጊዜ ማጉረምረሜ አልቀረም፣ ግን በዚያ ቁጠባ ነው ዛሬ ሽንኩርትና ቲማቲም የያዝኩት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይጠቅማል፣ ስሙ ለተጻፈ።

ግን ስሜ ተለጥፎ ቢሆን አልገባም ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። በትምህርት ቤቷ መንገድ ስጠርግ ሻሼን አፌ ድረስ ሸፍኜ ነበር፣ እንዳያውቋት። አቧራ ነው እላት ነበር። ድህነታችንን ሰሌዳ ላይ አትለጥፉብን። ሌላ ዘዴ ፈልጉ።

ጸሐፊዋ

ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሰሌዳው ወጥቷል።

በምትኩ ይህን ላቅርብ፤ ስሙ ያልገባ ሰው ለምን እንዳልገባ በጽሑፍ ይነገረው፣ አቤት የሚልበት ቀንም ይሰጠው። በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ከማኅበሮቻችን ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ አንዱ አካል ጉዳተኛ። ዘመድ ለዘመድ መጻጻፉን ሰሌዳ ሳይሆን እነሱ ያዩታል።

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ አባል፣ ከደሴ

ረቂቁ ላይ ስለ ቢሮ ሕንፃዎች ያለው አንቀጽ አጭር ነው፣ ልሙላላችሁ። የደሴን አቀበት ታውቁታላችሁ፣ እሱን ለምጄዋለሁ፣ ባጃጅም አለ። የማልለምደው ደረጃውን ነው። አንድ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለአንድ ፊርማ ሄጄ ሁለት ልጆች ከነዊልቸሬ ተሸክመው አወጡኝ። መሀል ላይ ደክሟቸው ደረጃ ላይ አሳረፉኝ። ሰው በግራና በቀኜ ያልፋል፣ አንዷ ሴትዮ አምስት ብር እግሬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ የመጣሁት የንግድ ፈቃድ ላሳድስ ነበር።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀምና ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሊፍት ስሩልን ብንል በጀት ይሉናል፣ አምስት ዓመት ያልፋል። እኔ የምጠይቀው ጠረጴዛ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ምድር ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና ማህተም የያዘ አንድ ሰው። ፊርማው ከፎቅ ይውረድ።

ነርሷ

አልጋ ላይ ላሉትስ? ጠረጴዛው ምድር ቢወርድም እነሱ አይደርሱም። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ቤት ለቤት ይዞሩ የለ? ማን አልጋ ላይ እንዳለ ያውቃሉ። የመታወቂያ መዝጋቢው በየሦስት ወሩ አንድ ቀን አብሯቸው ይውጣ።

መስማት የተሳነው አባል

ስንገናኝ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የያዝኩት የሻዩን ጣዕም ብቻ ነው።

ጸሐፊዋ (ሐሙስ ማታ፣ በጽሑፍ)

አስተርጓሚ ቅዳሜ አለ፣ ተነጋግሬያለሁ። ረቂቁ አሁን እንዲህ ሆኗል።

«መታወቂያ ለማውጣት የአከራይ ደብዳቤ ወይም መሸኛ ማቅረብ ላልቻለ ነዋሪ የእድር፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ፣ አለበለዚያም መታወቂያ ያላቸው ሦስት ጎረቤቶች ምስክርነት ይያዝለት፤ ለዚህ የሚጻፍ ደብዳቤም ለግብር ሥራ አይዋል። በየቀበሌው በሳምንት አንድ ቀን ምድር ላይ የአገልግሎት ጠረጴዛ ይከፈት፤ አልጋ ላይ ላሉ በየሦስት ወሩ መዝጋቢ ቤታቸው ይሂድ፤ አሻራው ለማይነበብ ሰው ሌላው መንገድ ሳይሞከር አይመለስ። የጤና መድን የነጻ ተጠቃሚዎች ዝርዝር በዓመቱ መሀል ሁለተኛ ጊዜ ይከፈት። ከዝርዝር ለቀረ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ በመራጭ ኮሚቴው ውስጥም ከማኅበሮቻችን ሁለት ሰው ይቀመጥ።»

ሥራን በተመለከተ አዋጅ 568/2000ን እናካትት ያላችሁ ነበራችሁ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ መብት ራሱን የቻለ ወረቀት ይገባዋል፣ እዚህ በአንድ መስመር ባናሳንሰው። ቀጣዩ እሱ ነው።

መምህሩ

ስልኬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበልኝ። «አቅመ ደካሞች» የሚለው ከመግቢያው ላይ ይውጣ፣ «ከአገልግሎት የቀሩ ነዋሪዎች» በይው። ሌላው ይሁን።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ

ለኛ ከተማ የሚገባውን ሦስት ኮፒ እኔ አሳትማለሁ። ቅዳሜ ፈረቃዬ የማታ ስለሆነ ጠዋት ደሴ እደርሳለሁ።

ጸሐፊዋ

መግቢያው ተስተካክሏል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እድሩ ቤት፣ ደረጃ የለውም። ማህተም ያላችሁ ማህተማችሁን ያዙ። እማማን ይዣቸው እመጣለሁ፤ ከዚያው ተመልሰን ወደ ምዝገባው እንሄዳለን፣ በዓይናቸው እንዲሞክሩላቸው።