የምዕራፍ መክፈቻ ጥቅስ በኢ-መጽሐፍ ላይ እንዴት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
አጎቴ ስለ መንዝና ስለ አንኮበር የጻፉትን መጽሐፍ በስልክ ለሚያነቡ ሰዎች በኢፐብ (EPUB በሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) እያዘጋጀሁ ነው። ምዕራፎቹ የሚከፈቱት በምሳሌያዊ አነጋገር ወይም በሁለት ስንኝ ግጥም ነው። በወርድ (Word) ፕሮግራም ላይ ጥቅሱን በስፔስ ወደ ቀኝ ገፍቼ፣ ፊደሉንም አዘምሜ (ኢታሊክ አድርጌ) ነበር። ወደ ኢፐብ ስለውጠው ግን ክፍተቱ ጠፍቶ ጥቅሱ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጋር ተጣበቀ፤ በአንደኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ «ነገር በምሳሌ» በአንድ ገጽ፣ «ጠጅ በብርሌ» በሚቀጥለው ገጽ ላይ ወደቀ። አጎቴም አይተው «ጠጁን ማን ወሰደው?» አሉኝ።

መልስ 1
ጤና ይስጥልኝ። ኢፐብ በውስጡ እንደ ድረ ገጽ በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) የተሠራ ስለሆነ ተከታታይ ስፔሶችን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ ገጹም ቋሚ ስላልሆነ አንባቢው ፊደሉን ባሳደገ ቁጥር መስመሩ እንደ አዲስ ይደረደራል። ስለዚህ ለጥቅሱ የራሱን ስታይል ይፍጠሩለትና የግራ ህዳጉን በሴንቲሜትር ሳይሆን በመቶኛ ይስጡት። እኔ ከ10 እስከ 15 በመቶ እሰጣለሁ፤ 40 በመቶ የሰጠሁ ጊዜ፣ አባቴ ፊደል አጉልተው በሚያነቡበት ስልክ ላይ በየመስመሩ አንድ አንድ ቃል ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ጥቅሱ ለሁለት ገጽ እንዳይከፈል የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ (CSS) «ፔጅ ብሬክ ኢንሳይድ» (page-break-inside) የሚለውን «አቮይድ» (avoid) ያድርጉት፤ የማይታዘዙት የንባብ መተግበሪያዎች ቢኖሩም ይረዳል። ግጥም ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ስንኝ ለብቻው አንቀጽ ይሁን፤ ረዝሞ የሚታጠፈው ክፍልም ገባ ብሎ ይጀምር፤ አለዚያ ሁለቱ ስንኝ ሦስት ይመስላል።

መልስ 2
በህዳጉ እስማማለሁ፤ ማዘመሙን ግን ይተዉት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው የአማርኛ ፎንት የራሱ ዘመም ቅርጽ ስለሌለው መተግበሪያው ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያጋድለዋል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት ለእኔ ዓይን ያስቸግራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን አንድን ቃል ከሌላው አጉልተው ለማሳየት ቀይ ቀለም እንጂ ዘመም አይጠቀሙም ነበር። ቀዩም ቢሆን በጥቁርና ነጭ ማንበቢያ ላይ ግራጫ ስለሚሆን፣ ፊደሉን በጥቂቱ አሳንሶ ከሥሩ ሰፋ ያለ ክፍተት መተው ይሻላል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ 12 በመቶ ሰጥቼው ጠጁ ከነገሩ ጋር በአንድ ገጽ ሆኗል። በምሳሌያዊ አነጋገር ሥር «ያልታወቀ» ብዬ ልጻፍ?

መልስ 2
ባለቤቱ ሕዝብ ስለሆነ ምንም አይጻፉ። አጎትዎ የሰሙበትን አገር የሚያስታውሱ ከሆነ ግን «መንዝ» ብሎ ወደ ቀኝ ማስጠጋት ይበቃል።