ጃፓንኛ ላይ «ማን» የሚለው በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓንኛ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተማርኩ ነው። አንድ ነገር ግን ናላዬን አዙሮታል። «ታበማሺታ» በላሁም ነው፣ በላህም ነው፣ በላችም ነው፣ በሉም ነው። እኔ፣ አንቺ፣ እሱ የሚል የለም። እንግሊዝኛ እኮ ዝናብ ሲዘንብ እንኳ «ኢት» ብሎ ባለቤት ካላስቀመጠ አይሆንለትም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ ማን ምን እንዳደረገ እንዴት ይግባባሉ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ወደ ጎን በለው። ከጃፓንኛ ጋር የተጣላው እሱ እንጂ አማርኛህ አይደለም። «ኪኖ ካታ ሆን» ማለት «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ነው፤ ቅደም ተከተሉ ልክ እንደኛው። እንግሊዝኛ ከመጽሐፉ ጀምሮ ወደ ትናንት ይሄዳል። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ለጥያቄም እኛ «ይሄዳል ወይ?» እንደምንለው እነሱ መጨረሻ ላይ «ካ» ጣል ያደርጋሉ።

የሚለየን የጠየቅከው ላይ ነው። የኛ ግስ ባለቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ «በላሁ» ካልክ አለቀ። የነሱ ይህ የለውም፤ ግን መላ አላቸው። «ካሺተ ኩረታ» የሚለውን እይ። ማንም አልተጠራም። ሆኖም «ኩረታ» ነገሩ ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ ወገኑ ሲመጣ ነው የሚባለው። ስለዚህ በደፈናው «አበደረኝ» ነው። ያበደርከው አንተ ከሆንክ «ካሺተ አገታ» ይሆናል። (ለአለቃህ ግን እንዳትላት፣ ውለታ የምትቆጥር ያስመስልብሃል።)

ፍላጎትም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው «ሆሺይ» ካለ የፈለገው ራሱ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ «ሆሺጋተ ኢሩ» ይላል፤ የሰው ልብ ውስጥ አልገባማ! ከሁኔታው የሚታየውን ነው የሚናገረው። የቀረውን ወሬው ራሱ ይነግርሃል።

መልስ 2፦ እኔ የስልኩን ልጨምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲያወራ ዝም ብለህ ብታዳምጠው ችግር የለውም። ጃፓናዊ ላይ ዝም ካልክ ግን «ሞሺ ሞሺ?» («ሃሎ?» እንደማለት) ሊልህ ይችላል፤ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። በየመሃሉ «ሃይ»፣ «ኤ» (ሁለቱም «አዎ» ናቸው)፣ «ሶ ደስ ኔ» («ልክ ነው» እንደማለት) ማለት አለብህ። እኛም «እህ፣ እሺ፣ ከዚያስ» እንል የለ? ጣጣው ስብሰባ ላይ ነው። ሰውየው ሃያ ጊዜ «ሃይ» ሲልህ እየሰማሁህ ነው ማለቱ ይሆናል፤ አንተ ተስማማን ብለህ ትወጣለህ።

ጠያቂው፦ የ«ኩረታ»ዋ ገብታኛለች፣ እናመሰግናለን። ፊት ለፊቴ ያለውን ሰውስ? «አናታ» (አንተ) ልበለው?

መልስ 1፦ ተወው ባክህ፤ ብዙ ጊዜ ይሻክራል። ስሙን ጠርተህ «ሳን» ጨምርበት። መምህር ከሆነ «ሰንሰይ»፣ የኩባንያ ፕሬዚዳንት ከሆነ «ሻቾ»። እኛ «እርስዎ» ብለን የምናከብረውን እነሱ ተውላጠ ስሙን ጨርሶ ሳይጠሩ ነው የሚያከብሩት። እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ብሎ ተገላግሏል።